አስራ ስምንት ትርፍ ችካሎች

ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተበታተኑ። ኳርታ የዶሮ አጥሯን ችካል በሁለት እጇ እየወዘወዘች ትነቅላለች፤ አንዱን ወርውራ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ጎረቤቷ ከግንቡ ማዶ ራሷን ብቅ አድርጋ፣ «ምን ሆነሻል አንቺ? ወንድምሽ ተራራ ተንዶበት አንቺ አጥር ታፈርሻለሽ?» አለቻት። ኳርታ እየቆጠረች ነበር። አስራ ስድስት። አስራ ሰባት። የመጨረሻው አልነቀልም ሲላት በተረከዟ መታችውና ከነጭቃው ወጣ። አስራ ስምንት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ችካሎቹን ደረቷ ላይ አቀፈቻቸውና፣ «ቪብዮስ፣ ወንድሜ፣ ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ» አለች።

ከዚያ በመቀነቷ አስራ ትከሻዋ ላይ ጣለቻቸውና ወደ ኦርባ ተራራ ሮጠች።

ለቬርቱላ ከተማ የሚበቃ ውሃ የሚገኘው ከዚያ ተራራ ጀርባ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ወታደሮች ከምሥራቅ፣ የከተማዋ ቅጥረኞች ከምዕራብ ድንጋዩን ሲፈለፍሉ ኖረዋል፤ ሐሳቡ ተራራው ሆድ ውስጥ ተገናኝተው ውሃውን በአንድ ዋሻ ሊያሳልፉ ነው። የኳርታ ሥራ መብራት ነበር። በየአስር ጫማው ግድግዳ ላይ የተቦረቦረ ማስቀመጫ አለ፤ በየማስቀመጫው አንድ የሸክላ ኩራዝ። ዘይት ትሞላለች፣ ክር ትቆነጥራለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አባቷ አራት ሴት ልጆች ወልዶ ስም ማውጣት ሲሰለቸው እሷን «አራተኛ» ብሏት ቀረ፤ ኳርታ ማለት ይኸው ነው። ወንድ ልጅ ሲመጣለት ግን ስሙን ሦስት ቀን አስቦ አወጣ። ያ ልጅ ቪብዮስ ነው፤ እናታቸው ስትሞት ኳርታ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው።

ትናንትና አልነበረም፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት ነበር። ቅጥረኞቹ ቁርስ ሊበሉ ሲወጡ ቪብዮስና ሁለት ጓደኞቹ፣ ዳማና ፊሎ፣ «ይቺን ድንጋይ ጨርሰን እንመጣለን» ብለው ወደ ኋላ ቀሩ። ከዋሻው ደጃፍ ስድስት መቶ ጫማ ገባ ብሎ ጣሪያው ወረደ። ሦስቱ ከናዳው ወዲያ ቀሩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወታደሩም ቅጥረኛውም የምሥራቁን ዋሻ ባዶ ትቶ ምዕራብ በር ላይ ናዳውን ይዝቃል። አንድ ቅርጫት ሲወጣ ሁለት ቅርጫት ከላይ ይወርዳል።

ትናንት ማታ ኳርታ ውሃ ልታቀብል ቆማ ሰምታለች። የውሃ ልክ መሐንዲሱ፣ ሽማግሌው አፍራንዮስ፣ የሰም ሰሌዳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያነብ የመቶ አለቃው ፔቲልዮስ ጎንበስ ብሎ ያዳምጠው ነበር።

«ከምሥራቅ ብንገባስ?» አለ ፔቲልዮስ።

«ተራራው ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ሺህ ስምንት መቶ ጫማ ነው። ከምሥራቅ ስምንት መቶ ሰባ ቆፍረናል። ከምዕራብ ሰባት መቶ ሰማንያ። የሚቀረው መቶ ሃምሳ ነው።» አፍራንዮስ ሰሌዳውን ከደነው። «በቀን ሦስት ጫማ ብንሄድ ሃምሳ ቀን ማለት ነው፣ የመቶ አለቃ። ሃምሳ ቀን ያለ እህል የሚቆይ ሰው አላውቅም።»

ኳርታ እንስራዋን አስቀምጣ ወደ ቤቷ ሄደች። አልተኛችም። ሲነጋ ያቺው ጎረቤቷ፣ «ነገ የዘጠነኛው ቀን ገበያ ነው፤ እንቁላልሽን እኔ ልሽጥልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ለደግ አስባ ነው። ኳርታ ግን በሩ ላይ ተገትራ ቀረች። የዘጠነኛው ቀን ገበያ። ስሙ ዘጠነኛ ይባል እንጂ ከገበያ እስከ ገበያ ያለው ስምንት ቀን ነው፤ ያለፈውን ገበያ ራሱን «አንድ» ብለው ስለሚጀምሩ ነው ዘጠኝ የሚሞላው። ይህን የማያውቅ የቬርቱላ ልጅ የለም፤ ስለሚያውቀውም ማንም አያስበውም። ዓይኗ ወደ ዶሮ አጥሯ ሄደ። ችካሎቹ ከየት እንደመጡ ትዝ አላት።

ምዕራብ በር ላይ ስትደርስ አራተኛው ሰዓት አልፏል። ፔቲልዮስ አቧራ ጠጥቶ፣ የወይን ግንድ በትሩን ብብቱ ሥር ይዞ ቆሟል።

«አንቺ የመብራቷ! ማገዶ ነው ያመጣሽልን?»

«ማገዶ አይደለም ጌታዬ፤ ስህተትዎ ነው» አለችና ሸክሟን እግሩ ሥር ዘረገፈችው።

ቅርጫት የሚያቀባብሉት ወታደሮች እጃቸው ላይ ያለውን ይዘው ቆሙ። ፔቲልዮስ ፊቱ ቀላ። አፍራንዮስ ግን ከተቀመጠበት ድንጋይ ተነሳ፤ አንዱን ችካል አንስቶ ጫፉን አየው። የራሱ ምልክት ተቆርጦበታል።

«ይሄ የእኔ ነው። የተራራው ችካል ነው። ከየት አመጣሽው፣ ልጄ?»

«ከዶሮ አጥሬ። ከሁለት ዓመት በፊት ተራራውን ሲለኩ ቀለም ተሸካሚ ነበርኩ፣ ረሱኝ? እርስዎ ታች መሣሪያዎ ላይ ነበሩ። የመቶ አለቃው ነው ላይ ሆኖ እየቆጠረ ያስተከለው። በየአስር ጫማው ዘንግ አንድ ችካል፤ አስረኛውን እኔ ቀይ እቀባለሁ።»

«ልክ ነው። አስራ ስምንት ቀይ ችካል ተተከለ። ቀዩን በመቶ ጫማ አባዛሁት።»

«ችካሉ በእስር ነበር የሚመጣው፣ ጌታዬ። በየእስሩ አስር አስር። ከአንዱ ቀይ እስከ ሌላው ቀይ አንድ እስር ማለቅ ነበረበት፣ አይደለም? ግን አላለቀም። ከየእስሩ አንድ አንድ ይተርፈኝ ነበር። የመቶ አለቃውን ብጠይቃቸው ‹ውሰጂው፣ አናጢው ተሳስቶ ነው› አሉኝ። ወሰድኩ። አስራ ስምንት ጊዜ ወሰድኩ።»

«እና ሌባ ነኝ ልትይ ነው የመጣሽው?» አለ ፔቲልዮስ።

«እባክዎ፣ አሁን ይቁጠሩልኝ። ያኔ እንደቆጠሩት አድርገው ይቁጠሩልኝ።»

ከዘረገፈቻቸው አስሩን ለይታ ታቀፈች። ደጃፉ ላይ ያለችውን የወሰን ድንጋይ በእግሯ ነካች። «ይቺ ቀይዋ ናት እንበል። ከዚህ ሲነሱ ምን አሉ?»

ፔቲልዮስ ወታደሮቹን አየ፤ ሁሉም እያዩት ነው። «ምን እላለሁ? አንድ አልኩ።»

ኳርታ አንድ እርምጃ ሄዳ ችካል ተከለች። «ሁለት» አለ። ተከለች። «ሦስት።» ድምፁ እየቀነሰ መጣ። አምስት ላይ ሲደርስ በትሩን ከብብቱ አወጣው። ዘጠኝ ላይ ላቡን ጠረገ። «አስር» ሲል ኳርታ የተከለችው ችካል ዘጠነኛው ነበር። እጇ ላይ አንድ ቀርቷል። ከፍ አድርጋ ያዘችው።

ከወታደሮቹ መካከል አንዱ ሊስቅ ሲል አጠገቡ ያለው ጎኑን ደቃው።

አፍራንዮስ በጉልበቱ ተንበርክኮ ከችካል ወደ ችካል በጣቱ እየነካ ሄደ፤ ችካሉን ሳይሆን በመካከል ያለውን ባዶ ቦታ ነበር የሚቆጥረው። መጨረሻ ሲደርስ እዚያው ቁጭ አለ።

ይህ ሽማግሌ መብራት ስትሞላ ሁልጊዜ ያስተምራት ነበር። ቁጥር አንድ ዓይነት አይደለም ይላት ነበር፤ አራት ወንድማማች ነው። ስንት ሲሉሽ ዴኬም ትያለሽ፣ አስር። ስንተኛ ሲሉሽ ዴኪሙስ፣ አስረኛ። ስንት ስንት ሲሉሽ ዴኒ፣ አስር አስር። ስንት ጊዜ ሲሉሽ ዴኪዬስ፣ አስር ጊዜ። መልካቸው ስለሚመሳሰል ሰው አንዱን በሌላው ስም ይጠራዋል፤ እነሱ ግን ሥራቸው ለየቅል ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ኳርታ ያን ጊዜ የሽማግሌ ጨዋታ መስሏት ስቃ ታልፍ ነበር።

«እኔ የጻፍኩት አስርን ነው» አለ አፍራንዮስ። «አንተ የተከልክልኝ አስረኛውን። በመቶው ፋንታ ዘጠና ጫማ ሰጠኸኝ፣ ፔቲልዮስ። አስራ ስምንት ጊዜ። እኔም ላየው አልወጣሁም።»

«ሁላችንም እንደዚያ አይደል የምንቆጥረው?» አለ ፔቲልዮስ። «ገበያውን፣ በዓሉን፣ ትኩሳት የሚመላለስበትን ቀን…»

«ለቀን ይሆናል። ተራራ ግን ቀን አይደለም።» አፍራንዮስ ጠጠር እየለቀመ መሬት ላይ ደረደረ። «አስራ ስምንት ጊዜ አስር ጫማ፣ መቶ ሰማንያ። ይቀራል ያልኩት መቶ ሃምሳ።» ጠጠሮቹን ደግሞ አያቸው። «አይቀርም። ምንም አይቀርም። ሰላሳ ጫማ ተላልፈናል።»

«ተላልፈን ለምን አልተገናኘንም?»

«ጎን ለጎን አልፈን ነዋ! እኛ በዚህ፣ እነሱ በዚያ። ልጆቹ አሁን ያሉት ከምሥራቁ ዋሻ ግድግዳ ጀርባ ነው። ግድግዳው ግን አንድ ጫማ ይሁን ሃምሳ ጫማ ማወቅ አልችልም። ይህን ሰሌዳዬ አይነግረኝም።»

ኳርታ የመቶ አለቃውን ፊት አየች። ሰዎቹን ከናዳው ላይ አንስቶ ቢወስድና ግድግዳው ሃምሳ ጫማ ቢሆን፣ ሦስቱን በገዛ እጁ ቀበራቸው ማለት ነው። ባይወስድም ናዳው እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይደለም። ያን ያህል ሰው የሚያዝዝ፣ በትሩን ሲያነሳ መንደር የሚንቀጠቀጥለት ሰው፣ ዶሮ አርቢዋን ሴት ያይ ጀመር።

«የመቶ አለቃ፣ ስንት ሰው አለዎት?» አለችው ቀስ ብላ።

«ሰማንያ።»

«መቶ አለቃ ተብለው ሰማንያ? በእርስዎ ዘንድ ቁጥር ሁሌም ይጎድላል ማለት ነው።»

በዚህኛው ቀልድ ማንም አልሳቀም፤ ፔቲልዮስ ግን በአፍንጫው እፍ አለና ቀና አለ። «አርባው እዚህ ይዝቃል። አርባው ከእኔ ጋር፣ ዶማና ሽብልቅ ይዞ! ተራራን በገበያ ቀን አቆጣጠር የቆጠረ ሰው እኔ ነኝ፤ ቢሳሳትም ባይሳሳትም ዛሬ እኔው እቆፍረዋለሁ።»

ተራራውን በፍየል መንገድ ተሻገሩት። አፍራንዮስን ሁለት ወታደሮች እየተፈራረቁ አዘሉት። በስድስተኛው ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ምሥራቅ በር ደረሱ።

ዋሻው ሁለት ቀን ሰው ስላልገባበት ኩራዞቹ ሁሉ ጠፍተዋል። ኳርታ ቀድማ ገባች። አንዱን ለኩሳ ወደሚቀጥለው፣ እሱን ለኩሳ ወደሚቀጥለው። ኋላዋ ያለው የአርባ ሰው እግር ድምፅ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ሰው ተራራ ውስጥ ሲገባ ሳያዝዙት ዝም ይላል። ከላይ ያለው ድንጋይ ክብደት ትከሻዋ ላይ ተሰማት። ሁለት ዓመት እዚህ ውስጥ ዘይት ስትሞላ አንድም ቀን ፈርታ አታውቅም። አሁን ግን ፈራች። ፍርሃቱ የሞት ብቻ አልነበረም፤ ይህን ሁሉ ጨለማ ሰው በጠጠርና በገመድ ልኬዋለሁ ማለቱ ራሱ አስፈራት።

መጨረሻው ግድግዳ ጋ ደረሱ። ፔቲልዮስ ጆሮውን ለጠፈ። ምንም የለም።

«ሰላሳ ጫማ ነው ያሉት» አለና ወደ ኋላ ዞረ። «ሦስት መብራት ወደ ኋላ።» የመጨረሻውን ኩራዝ በበትሩ እየነካ፣ «አንድ…»

«እሱን አይቁጠሩት!» አለች ኳርታ። ድምፅዋ ዋሻው ውስጥ ተንከባለለ። «እሱ መነሻችን ነው፣ ጌታዬ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነው አንድ።»

ፔቲልዮስ በትሩን ወደ ኋላ ሳበ። «እውነትሽን ነው» አለ፤ እንደ ተማሪ እየቆጠረም ሄደ። «አንድ። ሁለት። ሦስት።»

ሦስተኛው ኩራዝ ሥር ቆሙ። ኳርታ ትንፋሿን ዋጠች። ቀኝ ግድግዳው ላይ ጆሮዋን አደረገች፤ ግራው ላይ አደረገች። ዝቅ ብላ፣ ከጉልበት በታች፣ እንደገና ቀኙ ላይ።

ጧ። ጧ።

ዝም። ከዚያ ደግሞ፣ ጧ። ጧ።

የዋሻ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ፤ ናዳ የዘጋበት ሰው በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ ይመታል። ስንት ሰው በሕይወት እንዳለ ውጭ ላለው የሚነግረው በዚህ ነው። ሁለት ምት። ሦስት ሰው ነበር የገባው። ኳርታ ቀና ብላ የሰሙትን ሰዎች ፊት አየች፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከእሷ አሸሹ።

ከወታደሮቹ አንዱ በቀስታ፣ «ይሄንን ድምፅ ከሳምንት በፊትም ሰምተነዋል» አለ። «የተራራው መንፈስ መስሎን ወይን አፈሰስንለት። ለመቶ አለቃው አልነገርናቸውም።»

«መንፈስ አልነበረም፤ የፊሎ ዶማ ነበር» አለ አፍራንዮስ።

ፔቲልዮስ ጥሩሩን አውልቆ ጣለ። ሽብልቁን ራሱ ያዘ፣ መዶሻውን ራሱ አነሳ። ድንጋዩ ለስላሳው ዓይነት፣ ቢጫው ነበር፤ እንደ ደረቀ አይብ ይፈረፈራል። አራት አራት እየሆኑ ተፈራረቁ። ኳርታ ኩራዙን ይዛ ጥግ ቆመች። በየመሐሉ እንዲያቆሙ ትለምናቸዋለች፤ ታዳምጣለች። ጧ፣ ጧ። ሁልጊዜ ሁለት። ከሁለቱ አንዱ ቪብዮስ ይሆን? ለዳማና ለፊሎ ሞት እንደመመኘት ሆኖ ተሰማትና አፈረች። ግን ከመመኘት አልተመለሰችም።

ዘጠነኛው ሰዓት ላይ፣ አንድ የተዘረጋ ክንድ ያህል እንደገቡ፣ የፔቲልዮስ ሽብልቅ ድንገት ባዶ ነገር ውስጥ ገባ። የተዘጋ ትንፋሽ የመሰለ ነገር እፍ ብሎ ወጣ። ኳርታ የያዘችው ነበልባል ጎንበስ አለ፤ ተጋደመ፤ ከዚያ ቀና አለ። ከምዕራብ የመጣ አየር ነበር። በዚያ ተራራ ሆድ ውስጥ፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ አየር ባላለፈበት ቦታ አለፈ።

ቀዳዳው ትከሻ ሲያሳልፍ አፍራንዮስ እጁን አስገብቶ ወዲያ ማዶ ያለውን ወለል ዳሰሰ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዳሰሰ። እንደገና ወዲያ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። «እኩል ነው» አለ። «ከሁለት ወገን፣ ሳንተያይ፣ በተራራ ውስጥ… ወለሉ በአንድ ጣት አይበላለጥም። ርዝመቱን ሳትን፣ ጎኑን ሳትን፣ ውሃው ግን ይሄዳል። አማልክቱ ለምን ይህን ያህል ታገሡን?»

መጀመሪያ የወጣው ዳማ ነበር፤ በአቧራ ነጭ ሆኖ፣ ብርሃኑን በክንዱ እየተከላከለ። ቀጥሎ ፊሎ። ፊሎ ከወገቡ በላይ እንደወጣ ኳርታ ኩራዟን ጣለችና ትከሻውን ያዘችው።

«ቪብዮስስ?»

ፊሎ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ውሃ ሰጡት። ኳርታ ግን አልጠበቀችም። በቀዳዳው ተሹለከለከች። በዚያ በኩል ጨለማ ነበር። በእጇ እየዳሰሰች ሄደች፤ ድንጋይ፣ ዶማ፣ የተሰበረ ቅርጫት፣ ከዚያ የሰው እግር። እግሩ ሙቀት ነበረው።

«እታለም» አለ ጨለማው። «አንቺ ነሽ?»

«ለምን አልመታህም አንተ!» ብላ ጮኸች። «ለምን አልመታህም! ሁለት ብቻ… እኔ እኮ ሁለት ብቻ ነው የሰማሁት!»

«ክንዴ ተሰብሯል። መዶሻው አልነሳ አለኝ። በጣቴ እየመታሁ ነበር፣ እታለም። ሁልጊዜ ሦስተኛውን እመታ ነበር።»

ኳርታ እጁን ፈልጋ ያዘችው። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ተልጦ ደም ረግቶበታል። ያን እጅ ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያላለቀሰችውን።

ወታደሮቹ በካባ ጠቅልለው አወጡት። ከምሥራቅ በር፣ ከሩቁ ብርሃን፣ የአንድ ሰው ጩኸት መጣ፤ ምዕራብ የቀሩት የላኩት መልእክተኛ ነበር። «ስንት ናቸው?» እያለ ይጣራል። «ስንት አወጣችሁ?»

ፔቲልዮስ ሊመልስ አፉን ከፈተና ተወው። ወደ አፍራንዮስ ዞረ። ሽማግሌው የሰም ሰሌዳውን ከብብቱ አወጣ፤ አየውና መሬት ላይ አስቀመጠው። በዝግታ ወደ ሰዎቹ ሄደ። መዳፉን የዳማ ራስ ላይ አሳረፈ። «አንድ» አለ። የፊሎ ራስ ላይ። «ሁለት።» ቪብዮስ ግንባር ላይ ሲደርስ መዳፉን ወዲያው አላነሳም።

«ሦስት» አለ። «ሦስት ናቸው። ዛሬ በእጄ ቆጥሬያለሁ።»